ሦስቴ የተለጠፈ ጎማ

አይናዲስ ወልደአማኑኤል ጎማ መለጠፍ እንደምትችል በመላ ሳውዲ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሷም ቀጣሪዋ ማዳም ኑራ ነበረች፤ ማዳምም ብትሆን ፈልጋ አልነበረም ያወቀችው።

ሴቶች መኪና እንዲነዱ በተፈቀደ በአራተኛው ወር፣ መንጃ ፈቃዷን ካገኘች ገና በሳምንቷ፣ ማዳም ኾበር ኮርኒሽ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተላትማ የፊት ጎማዋን አፈነዳች። ባሏን እንዳትጠራ ቁልፉን እንደሚቀማት ታውቃለች። መሪው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አይናዲስ ከኋላ ወንበር ወረደች። አባያዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ክሪክ አወጣች፤ መኪናው ከመሬት ሳይነሳ ቡሎኖቹን አላላች፤ ከዚያ አነሳች፣ ፈታች፣ ትርፉን ጎማ አሰረች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ማዳም እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ አፏን ከፍታ ቀረች።

“ለባባ እንዳትነግሪው” አለች ማዳም፤ ባሏን አቡ ፋህድን ማለቷ ነው።

“አንቺም እንዳትነግሪብኝ” አለች አይናዲስ።

ማዳም የራሷን ፍርሃት ታውቃለች፤ የአይናዲስ ግን አልገባትም። ነገሩ እንዲህ ነው። አይናዲስ የኮምቦልቻው ጎሚስታ የአቶ ወልደአማኑኤል የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባቷ ወንድ ልጅ እስኪወለድ መጠበቅ ሰልችቷቸው ሞያውን ለእሷ አስተማሯት፤ ወንዱ ሳይመጣ ቀረ፣ ሞያው ግን እሷ ጋ ቀረ። ከጅቡቲ መንገድ የሚወጡ ካሚዮኖች ሁሉ ያውቋታል። ተማሪ ቤት ግን “ጎሚስቷ መጣች፣ አፍንጫችሁን ያዙ” ይሏት ነበር። ወደ አረብ አገር ልትሄድ ስትል ደግሞ ደላላው ጥፍሯን አይቶ፣ “ስለ ጎማ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። በጥቁር እጅሽ ማን ሕፃን ያሲዝሻል?” አላት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷም ዝም አለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማሕሹ የሚሉትን የተሞላ አትክልት ሠራች፣ ሩዝ ቀቀለች፣ የአቡ ፋህድን ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ቶቡን፣ አጠበች፣ ልጆቹን በአረብኛ ተቆጣች።

አሁን ግን ጥር ገብቷል፤ የ2011 ዓመተ ምሕረት ጥር። በዚህ ወር በአስራ ዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ፣ ታናሽ እህቷ ቤዚ ታገባለች። አይናዲስ ቤዚን አዝላ ነው ያሳደገቻት። ነገሩ ከረመዳን ጀምሮ ተነግሮ፣ ተሰምቶ፣ ቀኑም ተቆርጦ ነበር። በግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ቤተሰቡ ጣኢፍ ወደ ማዳም እናት ይሄዳል፤ አል ራዋቢ ሰፈር ያለው ቪላቸው ይዘጋል፤ አይናዲስም ሁለት ሳምንት አገሯ ደርሳ ትመለሳለች። የቀረው ባባ የመውጫና የመመለሻ ፈቃዷን፣ ኹሩጅ ወአውዳ የሚሉትን፣ ማውጣት ብቻ ነው። ሻንጣዋ ከኅዳር ጀምሮ አልጋዋ ስር ተቆልፎ ተቀምጧል። ለአባቷ የገዛችውን ካፖርት በየሳምንቱ እያወጣች አይታ ትመልሰዋለች።

ረቡዕ ምሳ ላይ ባባ፣ ማለትም አቡ ፋህድ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ “ጣኢፍ ማፊ! እረፍት ማፊ!” አለ። “ኸላስ፣ ማንም የትም አይሄድም!”

አይናዲስ የሩዙን ትሪ እንደያዘች ቆመች።

አቡ ፋህድ ከደማም ወደብ ጀርባ የግንድ ግቢ አለው። ከመርከብ የሚራገፈው ግንድ እዚያ ይቆለላል፣ ይለያል፣ ለመሰንጠቂያ ቤቶች ይከፋፈላል። ያን ሁሉ ግንድ በሁለት ብረት ክንዱ አቅፎ የሚያነሳ አንድ ትልቅ ሎደር አለው። ሌሎቹ ሁለቱ ያረጁ ናቸው፤ ቀጫጭኑን እንጂ ወፍራሙን ግንድ አይሞክሩትም። ትልቁ ሎደር እንግዲህ የፊት ቀኝ ጎማው አልረጋ ብሎ ከቆመ አራተኛ ቀኑ ነው። አዲስ ጎማ ታዟል፤ የሚደርሰው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መርከቡ ደግሞ ወደብ ላይ ቆሞ ግንዱን ተረከቡኝ እያለ ነው። ባባ እንዲህ ተወጥሮ ጣኢፍ አይሄድም። ቤተሰቡ ካልሄደ ቤቱ አይዘጋም፤ ቤቱ ካልተዘጋ ደግሞ አይናዲስ ለቤዚ ሠርግ አትደርስም።

ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ። ነጋሳ ነበር፤ የዚያ የትልቁ ሎደር ሹፌር፣ የነቀምቴ ልጅ፣ ጴንጤ። ሎደሩ ከቆመ ወዲህ ባባ መላላኪያ አድርጎታል። የሽንኩርት ከረጢት ተሸክሟል።

“ጎማው ምን ሆኖ ነው?” አለችው ገና ሰላም ሳትለው።

“ምን ያልሆነው አለ! ሦስቴ ተለጠፈ። በንሸሩ” አለ፣ ጎማ ጠጋኝን በአረብ አገሩ አጠራር፣ “ሳሙና ያፈሳል፣ አረፋ የወጣበትን ይደፍናል፣ ማታ ሞልተነው እንሄዳለን። ጠዋት ስንመጣ ዘርፈጥ ብሎ ይጠብቀናል።”

“አረፋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚወጣው?”

“የት! አንዱን ሲደፍኑት በሌላ ጎን ይወጣል። አጋንንት ያለበት ነው የሚመስለው። እኔማ ጸልዬበታለሁ።”

“ከውስጥ አይታችሁታል?”

“ከውስጥ?”

“ከብረት ቸርኬው አውጥታችሁ፣ ውስጡን።”

ነጋሳ ከረጢቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። “እህቴ፣ አንቺ ግን ማነሽ?” አላት።

አይናዲስ መልስ ሳትሰጠው ከበሩ ጀርባ ማዳም ብቅ አለች። አማርኛ አትችልም፤ “ጎማ” የምትለዋን ቃል ግን ከኮርኒሹ ቀን ጀምሮ በደንብ ታውቃታለች። ማዳም እናቷን ካየች ዓመት አልፏታል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ በኋላ ብዙ መነጋገር አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ ሐሙስ ማዳም የባሏን ምሳ በራሷ መኪና ልታደርስ ተነሳች። አይናዲስ የከብሳውን፣ የሥጋ ሩዙን፣ ድስት ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ከድስቱ አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አለ፤ ማዳም ኩሏን የምትጠርግበት ጥጥ ነው፣ እሽጉ ያልተከፈተ።

የግንዱ ግቢ እርጥብ እንጨት እንጨት ይላል። ከአጥሩ ባሻገር የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ትልቁ ሎደር ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ቆሟል፤ የተነፈሰው ጎማ ብቻውን የነጋሳን አገጭ ይደርሳል። ሠራተኞቹ ሁለት ሴቶች ሲገቡ አይተው ሥራቸውን አቆሙ። አቡ ፋህድ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ።

“ምን ሆናችኋል? ልጆቹ ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው። ምሳህን አመጣን” አለች ማዳም። “አይናዲስ ደግሞ ጎማውን ታየዋለች።”

“አይናዲስ ምን ታያለች?”

“ጎማ ታውቃለች። በጥቅምት ጎማውን የቀየረችው እሷ ናት።”

አቡ ፋህድ ወደ ማዳም መኪና ዞረ። “የትኛውን ጎማ?”

ማዳም የመኪናዋን ቁልፍ ከጀርባዋ ደበቀች።

“ኑራ፣ የትኛውን ጎማ?”

“አሁን የምንነጋገረው ስለ እኔ ጎማ ነው ወይስ ስለ አንተ?” አለች ማዳም። ነጋሳ ወደ ባሕሩ ዞሮ ሳቁን ዋጠው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አቡ ፋህድ ክፉ ሰው አይደለም። ችኩል ነው እንጂ። አራት ቀን የከሰረ ሰው ደግሞ ኩራቱ ይቀንሳል። እጁን አንስቶ፣ “ጠፊ ከሆነ በማንም ይጥፋ፤ ትየው” አለ። በንሸሩ ጥርሱን ነክሶ መሣሪያውን አቀበላት። መጥፎ ሠራተኛ አልነበረም፤ “ያላ፣ ያላ” እየተባለ ስለሚሠራ ሁልጊዜ ከላይ ከላይ ነው የሚሠራው።

አይናዲስ መጀመሪያ ያደረገችው የቀረውን አየር እስከ መጨረሻው ማስወጣት ነበር። አየር ባለበት ጎማ ላይ ቡሎን መንካት በአባቷ ቤት ሃይማኖት እንደ መካድ ነው። ከዚያ ሎደሩ በክሪክ ተነሳ፣ ከስሩ ግንድ ተደገፈለት፤ ግንድ እንደሆነ እዚያ ሞልቷል። ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ አራት ወንዶች በብረት ሲታገሉ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እሷ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች፣ በእጇ ታሳያለች፤ አረብኛው ሲያጥራት በአማርኛ ትቆጣለች፣ ነጋሳ ይተረጉማል። ማንም እንዲህ ጮኻ ሰምቷት አያውቅም። እሷም ራሷን እንዲህ ከሰማች ቆይታለች፤ ደስ አላት።

ጎማው መሬት ላይ ተጋደመ። አይናዲስ መሃሉ ገብታ ቁጭ አለች። የጥጡን እሽግ ቀደደች።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ አቡ ፋህድ።

“የእኔ ነው” አለች ማዳም በኩራት።

እናቷ ኮምቦልቻ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ተነድፎ ባዘቶ ሆኖ የተቀመጠው ጥጥ በየጊዜው ሲጎድልባቸው በአይጥ ያሳብቡ ነበር፤ አይጡ ግን ባላቸው ነበሩ። አቶ ወልደአማኑኤል ባዘቶውን በጣታቸው ይዘው የጎማውን ውስጥ ቀስ እያሉ ይደባብሱታል። ዓይን የማያየውን፣ የጠነከረ ጣትም የማይለየውን ነገር፣ ባዘቶ ይይዘዋል። “ጎማ የሚያለቅስበትና የሚታመምበት ለየቅል ነው” ይሏት ነበር። “አንቺ ለቅሶውን ተይና ሕመሙን ፈልጊ።”

አንዱን ዙር ዞረች። ምንም የለም። ቆመው ከሚያዩት አንዱ ሳቀ። በንሸሩ ሰዓቱን አየ። አይናዲስ ሁለተኛውን ዙር ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ የሕፃን ፊት እንደምታጥብ ጥጡን አለስልሳ። ሦስቱ ልጥፎች ከውጭ ያሉበትን አለፈች። ከሦስተኛው ልጥፍ ሁለት ስንዝር አልፋ፣ ማንም ያላሰበበት ቦታ፣ አንድ ዘለላ ጥጥ ከእጇ ተነጥቆ ጎማው ላይ ቀረ።

“አገኘሁህ” አለች በአማርኛ።

ፒንሳ አምጡ ብላ ጎተተች። የጣት ርዝመት ያለው፣ ጥቁር፣ ድንጋይ የሚያህል ጥንካሬ ያለው የእንጨት ስንጥር ወጣ። ከባባ ከራሱ ግንድ የተሰነጠረ ነው። አግድም ገብቶ፣ ውጭ የቀረው ተሰብሮ፣ ጫፉ ብቻ እንደ ፀጉር ወደ ውስጥ ወጥቷል። አየሩ በስንጥሩ ገብቶ በጎማው ንብርብር መሃል ለመሃል እየሄደ ቀዳዳ ባገኘበት ይወጣ ነበር። እነሱ መውጫውን ሲደፍኑ እሱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

ስንጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በንሸሩ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ሄዶ የራሱን ወንበር አምጥቶ ከጎማው አጠገብ አስቀመጠላት። ከዚህ በላይ ይቅርታ የለም።

ቀሪው የትዕግሥት ሥራ ነው። ቀዳዳውን አጸዳች፣ ከውጭ በጥሬ ጎማ ሞላችው፣ ውስጡን በሞርዶ ሞረደችው፣ ማስቲሹን ቀባች። “ያላ፣ ለጥፊው!” አለ አቡ ፋህድ። “ሶብር፣ ባባ፣ ሶብር” አለችው፤ ታገስ ማለቷ ነው። ማስቲሹ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ጠበቀች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሦስቱ ልጥፎች በሩጫ የተለጠፉ ነበሩ። እሷ ልጣፉን አስቀምጣ ከመሃል ወደ ዳር እየደቃች አየሩን አስወጣች። ጎማው ተገጥሞ አየር ሲሞላ ደግሞ ሰውን ሁሉ ወደ ጎን አራቀች። አቡ ፋህድ ፊት ለፊት ቆሞ አልሰማ ሲል እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ነጩ ቶቡ ላይ አምስት ጥቁር ጣቶች ታተሙ። ማጠቡ የእሷው መሆኑ ትዝ ያላት ኋላ ነው።

ሳሙና አፈሰሱ። ጎማውን ዙሪያውን አዩት። አንዲት አረፋ የለም። ነጋሳ ዘሎ ወጣና ሎደሩን አስነሳ፤ ከክምሩ ወፍራሙን ግንድ መርጦ አቅፎ ወደ ላይ አነሳው፣ ግቢውን በሙሉ ዞረ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ማዳም እልል ስትል የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

አቡ ፋህድ ወደ አይናዲስ መጣ። ፊቱ በርቷል። “ጠይቂኝ!” አላት። “አይናዲስ፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ!”

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ሁለት ሳምንት። ከረመዳን ጀምሮ ምላሷ ስር የያዘችው ቃል ነው። ሰው ሁሉ እያያት ነው፤ ማዳም በዓይኗ በይ፣ በይ እያለቻት ነው። አይናዲስ አንገቷን ሰበረች።

“አይ ባባ” አለች፣ “ምንም አልፈልግም። ማፊ ሺ።”

አንባቢ አይፍረድባት። ኮምቦልቻ ላይ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ማን ነው? ሁለት ቀን ያልበላ እንግዳ እንኳ “በልቼ ነው የመጣሁት” ይላል። ባለቤቱ “በሞቴ” ይላል። እንግዳው “አይ፣ በቃኝ” ይላል። “እኔን ቅበሪኝ፣ አንዴ ብቻ” ይባላል። ያኔ ነው እጅ የሚዘረጋው። የመጀመሪያው እንቢታ ጨዋነት ነው፤ ጠያቂም ተጠያቂም ያውቁታል። አይናዲስ አንገቷን እንደ ሰበረች ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

አቡ ፋህድም ቢሆን ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሦስቴ ይለምናል፤ የአገሩም ወግ ነው። ግን ይሄ ግብዣ አይደለም፣ ሥራ ነው፤ መርከቡም ቆሟል። “ማሻ አላህ! ጥሩ ሴት!” አለና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ወደቡ ሄደ።

አይናዲስ የሄደበትን አቅጣጫ እያየች ቀረች። ሁለተኛው ጥያቄ አልመጣም።

መኪና ውስጥ ማዳም፣ “ለምን አልጠየቅሽውም?” አለች።

“ደግሞ አልጠየቀኝም” አለች አይናዲስ። አስረዳቻት። ማዳም ስትስቅ ቀይ መብራት ልትጥስ ምንም አልቀራትም። አይናዲስ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ዓርብ ጠዋት ጎማው እንደ ተነፋ አድሮ ተገኘ። ነጋሳ ደውሎ “በኢየሱስ ስም፣ ንቅንቅ አላለም!” አላት። ምሳ ላይ አቡ ፋህድ ደስ ብሎት ተናገረ። እሑድ ጣኢፍ ይሄዳሉ። ቤቱም ይዘጋል። አይናዲስ ደግሞ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር፣ እህቱ ቤት ትቆያለች፤ ያረጁትን የሁለቱን ሎደሮች ጎማ ከውስጥ ታይለታለች።

ማዳም ማንኪያዋን አስቀመጠች። “አገሯ ልትሄድ ነበር እኮ። የእህቷ ሠርግ ነው።”

“እኔው በአፌ ጠየቅኋት፤ ምንም አልፈልግም አለች። አንቺ ከእሷ በላይ ታውቂያለሽ? ሠርጉን ትታው ይሆናል።”

አይናዲስ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ሞያዋን ደብቃ ሦስት ዓመት ኖረች፣ ምንም አልጎዳትም። ሞያዋን አውጥታ አንድ ቀን አልሞላትም፣ ልትቀር ነው። አሁን ተመልሳ “ትናንት አልፈልግም ያልኩት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው” ትበል? አፍሮ መሬት መግባት ይሻላል። ደግሞ የቤዚ ፊት መጣባት፤ በሠርጓ ቀን በሩን በሩን የምታይ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ? እሷ የጠየቀችው ደጃዝማችነት እንኳ አይደለም።

ያን ቶብ ከተሰጣበት አወረደችው። ሁለቴ ታጥቦም አምስቱ ጣቶች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ይዛው ሳሎን ገባች። አቡ ፋህድ ስልኩ ላይ ነበር።

“ባባ፣ አልለቀቀም” አለች።

ቀና ብሎ አየውና ሳቀ። “ተይው። ለሎደሩ መታሰቢያ ይሁን።”

“ባባ፣ ትናንት ምን ትፈልጊያለሽ ብለኸኛል።”

“አዎ። ምንም አልሽ።”

“በእኛ አገር የመጀመሪያው ምንም መልስ አይደለም። ሰላምታ ነው። መልሱ ሁለተኛ ሲጠየቅ ነው የሚመጣው። አንተ ሁለተኛ አልጠየቅኸኝም።”

ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። አቡ ፋህድ ስልኩን አስቀመጠ። ለአፍታ የሚቆጣ መሰለ። ከዚያ ቁጣው ከዓይኑ ጠፋ፤ ምናልባት የራሱን እናት አስታወሰ፣ ለጎረቤት ግብዣ እንቢ እንቢ እያሉ የሚቀመጡትን።

“ዋላህ፣ ልክ ነሽ” አለ። ተነሳ። ቶቡን ከእጇ ተቀበላትና እንደ ትልቅ እንግዳ ፊት ለፊቷ ቆመ። “አይናዲስ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ምን...” ብላ ጀመረች። ምላሷ ለምዶባት “ምንም” ልትል ነበር። ከበሩ ጀርባ ማዳም “ላ!” ብላ ጮኸች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። አይናዲስ ቃሉን በጥርሷ ያዘችው።

“ሁለት ሳምንት” አለች። “አገሬ። የእህቴ ሠርግ። የሎደሮቹን ጎማ ስመለስ አየዋለሁ። ከመሄዴ በፊት ለነጋሳ አሠራሩን አሳየዋለሁ።”

አቡ ፋህድ ስልኩን አነሳ። ፈቃዱ የሚወጣው በስልክ ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከረመዳን እስከ ጥር ስትፈራው የነበረው ነገር ሦስት ደቂቃ አልሞላም። አይናዲስ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ማዳምም መጥታ አብራት አለቀሰች፤ አቡ ፋህድ ሁለቱንም እያየ “ያ ረብ፣ ጎማው ይሻለኝ ነበር” አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጋሳን ካረጁት ሎደሮች በአንዱ ጎማ መሃል አስቀምጣ ጥጡን አስያዘችው። እሱ ሳያይ አንድ መርፌ ውስጡ ሰክታለታለች። ሲቸኩል አለፈው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲደግመው ጥጡ ያዘ። “ሃሌሉያ!” ብሎ ሲጮህ በንሸሩ ራሱ ሮጦ መጣና፣ “ቀጥሎ እኔ” አለ።

ኮምቦልቻ ጥር አስራ ዘጠኝ ቀን ዳስ ተጥሎ፣ ቤዚ ነጭ ለብሳ፣ በሩን በሩን ማየት ሳያስፈልጋት አይናዲስ ከጎኗ ነበረች። አክስታቸው ሸቱ ድስቱን ይዘው መጡ። ጭልፋውን ሞልተው “ትንሽ ልጨምርልሽ?” አሉ።

“ጨምሩልኝ” አለች አይናዲስ።

ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። እትዬ ሸቱ “በሞቴ”ውን፣ “እኔን ቅበሪኝ”ውን፣ ሁሉን አዘጋጅተው ነበር፤ የሚያስቀምጡበት አጡ። “ምነው ልጄ፣ አረብ አገር ረሃብ ነው እንዴ?” አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

አመሻሹ ላይ አባቷን ከዳሱ ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። አዲሱን ካፖርት ለብሰዋል። በጥጥ የተጠቀለለ ነገር መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ፈትተው ስንጥሩን አዩት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፣ በጣታቸው ደባበሱት።

“ስንቴ ሌላ ቦታ ለጠፉት?” አሉ።

“ሦስቴ፣ አባባ። ለሠርጉ ያደረሰኝ ይሄ ነው።”

አቶ ወልደአማኑኤል ስንጥሩን በጥጡ መልሰው ጠቀለሉት። “ሴት ልጄን ጎማ አስተማርኩ ብዬ ስንት ዘመን ሳፍር ኖርኩ” አሉ። “ጥቁር እጅ ሰጥቼሽ ሰደድኩሽ እያልኩ።”

“አባባ፣ ምን ላድርግልህ?”

“ምንም። ምንም አልፈልግ ልጄ። ጤናሽን።”

ወደ ሙሽራዋ እየጠሯት ነበር። አይናዲስ አልተነሳችም። “አባባ፣ ምን ላድርግልህ?” አለች ደግማ።

“ምንም አልኩሽ። ሂጂ ጨፍሪ።”

“አባባ፣ በሞቴ። ምን ላድርግልህ?”

አባቷ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩአቸው። እንደ ግንድ ቅርፊት ደርቀዋል። ስንጥሩን ሲደባብሱትም እንዳልተሰማቸው ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

“አንድ የካሚዮን ጎማ ሱቁ ውስጥ አለ” አሉ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። “ወር ሆነው። ሦስቴ ለጠፍኩት፣ አይረጋም። ጣቴ አልነግርህ ብሎኛል። ሰው እንዳያውቅ ሸራ ጥዬበታለሁ።”

አይናዲስ ለሠርጉ የለበሰችውን ቀሚስ እጅጌ እስከ ክንዷ ሰበሰበች።

“ባዘቶ አለህ?” አለቻቸው።